ስቶፕ ሊክ የገባበት የመኪና ኤሲ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ላይ ኤሲን የሚያስታውሰው የለም። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ መስኮት ይከፈታል፤ ባቲን አልፈው ወደ ሚሌ ሲቃረቡ ደግሞ መስኮት መክፈቱም አይበቃም። ጋዝ ያለቀበት መኪና ወደ ጋራዥ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በጉዞው ዋዜማ ነው። "የሚያሽግ ጋዝ" ተብሎ በችኮላ የሚሞላውም ያኔ ነው። ከታች የሰፈሩት ከዚያ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ናቸው።

ስቶፕ ሊክ ምንድን ነው?

የሚያፈስን ኤሲ ሳይፈቱ ለመድፈን ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ ነው። አንዳንዴ ለብቻው በትንሽ ቆርቆሮ ይመጣል፣ አንዳንዴ ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ። ሁለት ዓይነት አለው፤ የትኛው እንደገባ ማወቅ የጥገናውን ወጪ ይወስናል።

አንደኛው የደረቁ ኦሪንጎችን፣ ማለትም የመገጣጠሚያ የጎማ ቀለበቶችን፣ የሚያለሰልስና በመጠኑ የሚያሳብጥ ነው። ይሄኛው አይጠጥርም፤ ጉዳቱም ያን ያህል አይደለም። ሁለተኛው እርጥበት ሲያገኝ የሚጠጥረው ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ፈሳሹ ከጋዙና ከዘይቱ ጋር አብሮ ይዞራል፤ በቀዳዳዋ በኩል ሲወጣ ከውጭ አየር እርጥበት ጋር ይገናኝና እዚያው ደርቆ ይደፍናታል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያሳምናል። ነገር ግን ወራት ሙሉ ሲያፈስ በከረመ ሲስተም ውስጥ አየርና እርጥበት ገብቷል፤ እርጥበት እንዲመጥ የተቀመጠው ፊልተር ድራየርም ጠግቧል። ስለዚህ ማሸጊያው ቀዳዳዋ ዘንድ እስኪደርስ አይጠብቅም፣ ከውስጥ መጠጠር ይጀምራል።

የት ነው የሚጠጥረው?

ጠባብ መተላለፊያ ባለበት ሁሉ። መጀመሪያ የሚያዘው ኤክስፓንሽን ቫልቩ ነው፤ ጋዙ በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ክፍተት የሚያልፈው እዚያ ነውና። ከእንዲህ ያለ መኪና የወጣ ቫልቭ ብርሃን ላይ ይዘው ቢያዩት ኳሷና መቀመጫዋ መሐል ነጣ ያለ፣ አንዳንዴም ቢጫ ያዘለ ነገር ተጋግሮ ያገኛሉ። በጥፍር ቢፍቁት እንደ ደረቀ ሙጫ በቅርፊት በቅርፊት ይነሳል። ያልደረሰለት ከሆነ ደግሞ ይለጠጣል፣ ጣት ላይም ይጣበቃል።

ቀጥሎ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣው ኮንደንሰሩ አለ። የዛሬ ኮንደንሰሮች ዱሮ እንደነበረው አንድ ወፍራም ቱቦ የሚጠማዘዝባቸው አይደሉም፤ ጎን ለጎን የተደረደሩ፣ ስፋታቸው 1 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ ጥቃቅን ቦዮች ናቸው። ሦስተኛው ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ኮምፕሬሰሩ ነው። በተለይ ጉልበቱን ራሱ የሚያስተካክለው ዓይነት በቁጥጥር ቫልቩ ውስጥ ቀጫጭን መተላለፊያዎች አሉት፤ እነሱ ከተያዙ ኮምፕሬሰሩ እየዞረ አይጨምቅም።

ኤሲዬ ውስጥ መኖሩን በምን አውቃለሁ?

ከሁሉ የሚቀድመው መጠየቅ ነው። መጨረሻ ጋዝ የሞላው ማን ነው? ከሲሊንደር በሚዛን ነው የሞላው ወይስ ከቆርቆሮ? ቆርቆሮው ላይ ምን ተጽፎ ነበር? ስቶፕ ሊክ ወይም ሲለር የሚል ካለበት ነገሩ አለቀ። ብዙ ደንበኛ "ጋዝ ብቻ ነው የተሞላው" ይላል፤ የሚዋሽ ሆኖ ሳይሆን የነገረው ሰው ስለሌለ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ጋዝ የሚሞላበት አፍ ነው። ክዳኑን ከፍተው ትንሿን ቫልቭ ቢያዩ ዙሪያዋ ላይ የሚጣበቅ ወይም ብስኩት ሆኖ የሚፈረፈር ነገር ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ አረንጓዴ ቢጫ የሚያበራ ቀለም መኖሩ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቀለሙ ፍሳሽ ለመፈለጊያ ለብቻውም ይገባል። አንዳንድ ማሸጊያዎች አብረውት ስለሚመጡ ፍንጭ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

እርግጡን የሚናገረው መመርመሪያ ኪት ነው። ከመኪናው ጥቂት ጋዝ ወስዶ እርጥበት ባለበት በጣም ጠባብ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። ፍሰቱ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ እየቀነሰ ከሄደ የሚጠጥር ማሸጊያ አለ ማለት ነው። ይህ መሣሪያ በየጋራዡ አይገኝም። በሌለበት የምንመክረው የተጠረጠረን መኪና እንዳለበት ቆጥሮ መሥራትን ነው።

ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) ላይስ ምን ይታያል?

ቫልቩ ሲዘጋ የዝቅተኛው ጎን ግፊት ከመጠን በላይ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከዜሮ በታች ይገባል። ኮንደንሰሩ ከተዘጋ ደግሞ የከፍተኛው ጎን ግፊት ይወጣል፣ የኮንደንሰሩም አንዱ ክፍል ትኩስ ሆኖ ሌላው በድንገት ቀዝቃዛ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳያሳስት። ሲስተሙ ውስጥ እርጥበት ብቻ ካለ፣ ውሃው ኤክስፓንሽን ቫልቩ ላይ በረዶ ሆኖ ሊዘጋው ይችላል። ያኔ ኤሲው ለጥቂት ደቂቃ ይቀዘቅዛል፣ ይጠፋል፣ አጥፍተው ሲያሳርፉት በረዶው ይቀልጥና እንደገና ይቀዘቅዛል። በማሸጊያ የተዘጋ ቫልቭ ግን ቢያርፍም አይመለስም። ይህን ልዩነት ሳያዩ ውድ ዕቃ ማዘዝ አያስፈልግም፤ የመጀመሪያው በአዲስ ድራየርና በጥሩ ቫኪዩም (አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ ስቦ በማውጣት) ይድናል።

ጋራዡ "ማሽኔን ከመኪናህ ጋር አላገናኝም" አለኝ። ልክ ነው?

ልክ ነው፤ አይቀየሙት። ጋዝ ስቦ የሚያጣራውና መልሶ የሚሞላው ማሽን ውስጥ ትንንሽ ቫልቮች፣ ፊልተሮችና ቱቦዎች አሉ። የእርስዎ ማሸጊያ እዚያ ገብቶ ቢጠጥር የሚበላሸው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ከእርስዎ በኋላ የሚመጣው መኪናም ይበከላል። በዚህ የተነሳ የማሽን አምራቾች ዋስትና የሚነሱበት ጊዜ አለ።

መፍትሔው ለተበከለ ጋዝ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ሲሊንደር፣ የተለየ ማኖሜትርና የራሱ ቱቦዎች መያዝ ነው። የማኖሜትር ቱቦ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ውስጡ የቀረው ጠብታ አየር ሲያገኝ ይደርቃልና በሳምንቱ ለሌላ መኪና ሲያገናኙት መርፌው አይንቀሳቀስም። ጋዙን ሜዳ ላይ መልቀቅ ግን መፍትሔ አይደለም። በብዙ መኪኖች ኤሲ ውስጥ ያለው ጋዝ፣ አር-134ኤ፣ የኦዞንን ሽፋን ባይጎዳም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲነጻጸር ከሺህ እጥፍ በላይ ሙቀት የሚይዝ ጋዝ ነው። በዚያ ላይ በጠባብ ጋራዥ ውስጥ እሳት ወይም ብየዳ አጠገብ ከተለቀቀ ሲቃጠል የሚሰጠው ጭስ ሳንባ ይጎዳል።

አንዴ ከገባ ታጥቦ አይወጣም?

ገና ፈሳሽ ከሆነ አብዛኛው ይወጣል። ከጠጠረ በኋላ የሚያሟሟው የእጥበት ፈሳሽ የለም፤ "በኬሚካል ይለቃል" የሚል ሰው ካለ አይስሙት። ስለዚህ ጊዜ ዋጋ አለው። ትናንት ተሞልቶ ዛሬ የመጣ መኪናና ዓመት የቆየበት መኪና አንድ ዓይነት ሥራ አይደሉም።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ሲፈታ የሚመጣው ነው። ቱቦው ሲከፈት አየር ይገባል፣ አየር ደግሞ እርጥበት ይዞ ነው የሚገባው፤ ክረምት ላይማ ይበልጣል። እስከዚያ ፈሳሽ ሆኖ የቆየው ማሸጊያ መጠጠር የሚጀምረው ያኔ ነው። ኮፈን ተከፍቶ፣ ቱቦው ተፈትቶ፣ "ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ" ተብሎ ለአራት ለአምስት ቀን የሚቆም መኪና በየቀኑ እየባሰበት ነው። ዕቃው እጅ ሳይገባ አይፈታ። ከተፈታም እያንዳንዱ አፍ በዚያው ቅጽበት ይታሸግ፤ ክዳን ከሌለ ንጹሕ ላስቲክና ፕላስተር ይበቃል።

ታዲያ ምን ምን ይቀየራል?

ፊልተር ድራየሩ ያለ ክርክር ይቀየራል። በአንዳንድ መኪኖች ኮንደንሰሩ ጎን ላይ እንደ ቦርሳ ተሰክቶ የሚገኝ ስለሆነ "የኔ መኪና ድራየር የለውም" የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ስላልታየ ነው። ኤክስፓንሽን ቫልቩም ይቀየራል። የተነኩ ኦሪንጎች በሙሉ ይቀየራሉ፤ ለአር-134ኤ የተሠሩትን ይጠይቁ፣ ለውሃ ወይም ለነዳጅ የተሠራ ኦሪንግ ቢገጥምም አይቆይም።

ኮንደንሰሩ ላይ ሰው ይከራከራል፣ ዋጋው ስለሚከብድ። የእኛ አቋም ግልጽ ነው፦ ጥቃቅን ቦይ ያለው ዓይነት ከሆነ ይቀየር። የእጥበት ፈሳሹ ክፍቱን ቦይ መርጦ ያልፋል፣ የተዘጋውን ትቶት ይሄዳል። በሌላኛው ጫፍ ንጹሕ ፈሳሽ ሲወጣ ያየ ሰው ታጠበ ይላል፤ ኤሲው ግን ደሴ ላይ ቀዝቅዞ ሚሌ ላይ ይሸነፋል። ዱሮ እንደነበሩት ባለ አንድ ቱቦ የሆነ ብቻ ይታጠባል።

የሚነፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተሩ ከክሩስኮቱ በስተኋላ ስለተቀበረ ማውጣቱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቫልቩ ላይ የተጋገረ ነገር ካልተገኘና ማሸጊያው ቅርብ ጊዜ የገባ ከሆነ በቦታው እንዳለ አጥቦ መሞከር ይቻላል። ቫልቩ በሙጫ ተሞልቶ ከተገኘ ግን ክሩስኮቱን መፍታት አይቀርም። ድምፅ ማፈኛ እብጠት ያለበት ቱቦም እብጠቱ ውስጥ የቀረው ስለማይታጠብ ይቀየራል። ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ቱቦ ታጥቦ ይመለሳል።

ኮምፕሬሰሩስ? እሱን ማትረፍ አይቻልም?

ዘይቱ ይናገራል። ኮምፕሬሰሩን አውርደው ዘይቱን በንጹሕ ነጭ ዕቃ ላይ ያፍስሱት። ጠርቶ ከወጣ፣ ሲዞርም በእጅ ሳይጎረብጥ ለስላሳ ከሆነ፣ በአዲስ ዘይት ደጋግመው አለቅልቀው መመለስ ይቻላል፤ አደጋው ግን የባለቤቱ መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው። ዘይቱ ከረጋ፣ ከጠቆረ ወይም ፀሐይ ላይ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከታየበት ማትረፉ ቀርቷል። ብናኝ የታየበት ሲስተም ላይ አዲስ ኮምፕሬሰር ብቻ ገጥሞ መስጠት አዲሱንም መግደል ነው።

ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኮምፕሬሰር የሚያስመጡ አሉ፤ እኛም አንቃወምም። ሲረከቡ ሁለቱም አፎቹ ታሽገው መሆናቸውን ይመልከቱ። አፉን ከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ኮምፕሬሰር ዘይቱ እርጥበት ጠጥቷል።

የዘይት ዓይነቱና መጠኑ በግምት አይሆንም። የአብዛኞቹ ባለ ቺንጊያ ኮምፕሬሰሮች ዘይት ፓግ የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ ግን ከመኪና መኪና ይለያያል። ፓግ ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ቆርቆሮ ላይ አይተማመኑ።

በቤንዚን ወይም በነጭ ጋዝ ቢታጠብ ምን ይሆናል? ርካሽ ነው።

አይሁን። ቅሪቱ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፣ ጎማዎቹን ያበላሻል፣ ተቀጣጣይነቱም አለ። ለኤሲ እጥበት ተብሎ የተሠራ፣ ተንኖ የሚያልቅ ፈሳሽ ይጠቀሙ። እያንዳንዱ ክፍል ለየብቻው፣ ጋዙ ከሚሄድበት በተቃራኒ አቅጣጫ ይታጠባል። በኮምፕሬሰር፣ በድራየርና በቫልቭ ውስጥ እጥበት አይተላለፍም። የሚወጣውን በነጭ ጨርቅ እየተቀበሉ፣ ጨርቁ ላይ ቀለምም ቅባትም እስከማይቀር ይደገማል። መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል፤ በእርጥበት የሚጠጥር ነገር ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ ነው።

ከታጠበ በኋላ በምን ይነፋ?

በደረቅ ናይትሮጅን። ጎማ የሚሞላው አየር ውሃ አለበት፤ ልናስወጣው የደከምንበትን እርጥበት መልሶ ያስገባል።

ናይትሮጅን ጠፋ ተብሎ የብየዳ ኦክስጅን የሚያነሳ ሰው ካዩ መኪናዎን ይዘው ይውጡ። ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ይፈነዳል። ይህ የጥራት ጉዳይ ሳይሆን የነፍስ ጉዳይ ነው። ናይትሮጅኑም ቢሆን ያለ ግፊት መቀነሻ አይያያዝም፤ የሞላ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት ከ150 ባር ሊበልጥ ይችላል፣ ለፍሳሽ ፍተሻ የሚበቃው ግን 10 ባር አካባቢ ነው። በዚያ ግፊት ሞልቶ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ መቀባትና አረፋ መጠበቅ ዛሬም ከብዙ ውድ መሣሪያ የሚሻል ፍተሻ ነው።

ቫኪዩም ሲደረግ መርፌው 29 ላይ አይደርስም። ፓምፑ ደክሞ ነው ወይስ ፍሳሽ አለ?

ይህን በብዛት የሚጠይቁን ሥራው ላይ ያሉ ልጆች ናቸው፤ ጥያቄውም ጥሩ ነው። መጻሕፍቱና ቪዲዮዎቹ "ከ29 ኢንች በላይ ይውረድ" የሚሉት ባሕር ጠለል ላይ ቆመው ነው። ማኖሜትሩ በሜርኩሪ ኢንች የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን የግፊት ልዩነት ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደግሞ የውጭው አየር ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ፍጹም ቫኪዩም ቢደረግ እንኳ መርፌው 24 ኢንች አካባቢ ይቆማል። ወደ 2,500 ሜትር ከፍ የምትለው ደሴ ላይ ደግሞ 22 አካባቢ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ 22 ያነበበ ሰው ፓምፑን አይጣል፤ 28 ያነበበ ሰው ግን ማኖሜትሩን ያስመርምር።

ትክክለኛውን የሚናገረው የቀረውን ግፊት በማይክሮን፣ በጣም ትንሽ በሆነ የግፊት መለኪያ፣ የሚለካ ጌጅ ነው፤ እሱ ከፍታ አይነካውም፣ 500 ማይክሮንና ከዚያ በታች ከደረሰ ጥሩ ነው። እሱ ከሌለ በሰዓት ይሠራል። እንዲህ የተከፈተ ሲስተም ቢያንስ ለ45 ደቂቃ ይሳብ፣ ከዚያ ቫልቮቹ ተዘግተው ለግማሽ ሰዓት ይቆይ። መርፌው ከተመለሰ ወይ ፍሳሽ አለ፣ ወይ ገና የሚተን ውሃ አለ።

ጋዙስ ስንት ይሞላል?

ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ላይ በግራም ተጽፏል። በሚዛን ይሞላ። "ቱቦው ሲያልበው ይበቃል" የሚለው ልማድ ትንንሾቹን አውቶሞቢሎች ይጎዳል፤ ጠቅላላ የሚይዙት ጥቂት መቶ ግራም በመሆኑ የ100 ግራም ስህተት ብዙ ነው።

አሁን እየቀዘቀዘልኝ ነው። ማሸጊያ ቢኖርበትም ልተወው?

የሚገርመው፣ መልሳችን አንዳንዴ አዎ ነው። ቀዳዳዋ በጣም ትንሽ ከነበረች ተደፍናለት ለወራት፣ አልፎ አልፎም ከዚያ በላይ የሚሠራ ኤሲ አለ። እየሠራ ያለን ሲስተም ዝም ብሎ መፍታት ያን ሁሉ ዕቃ በገዛ እጅ መጥራት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ያድርጉ። ኮፈኑ ሥር፣ ጋዝ በሚሞላበት አፍ አጠገብ፣ ማሸጊያ እንዳለበት በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ የሚቀጥለው መካኒክ ያመሰግንዎታል። ሁለተኛ፣ ጋዙ እንደገና ከቀነሰ ሌላ ቆርቆሮ አይጨምሩ። የመጀመሪያው ያልደፈነውን ሁለተኛው አይደፍነውም፤ በቫልቩ ላይ ግን ይደራረባል።

ጠቅላላ ጥገናው ስንት ያስወጣኛል?

የዕቃ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥር አንሰጥም። መጠኑን ለመገመት ግን ይህ ይረዳል፦ አብዛኛው ፍሳሽ መጀመሪያ ላይ ሲገኝ የአንድ ኦሪንግ ወይም የአንድ ትንሽ ቫልቭ ጉዳይ ነው። ማሸጊያ ከጠጠረ በኋላ ግን ኮንደንሰር፣ ድራየር፣ ኤክስፓንሽን ቫልቭ፣ ዘይት፣ ጋዝና ምናልባትም ኮምፕሬሰር በአንድ ላይ ይጠየቃል።

አባዱላና ከኋላ ሁለተኛ ኤሲ ያላቸው ትልልቅ መኪኖች ይብሳሉ። ሁለት ኢቫፖሬተር፣ ሁለት ኤክስፓንሽን ቫልቭ፣ በወለሉ ሥር እስከ ኋላ የሚዘረጋ ረጅም ቱቦ አለ፤ ጭቃና ድንጋይ የሚመታው ያ ቱቦ ነው። የኋላውን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ የፊቱን ብቻ መጠገን የሚመርጥ ባለ ሚኒባስ አለ። ደሴ ኮምቦልቻ ብቻ ለሚመላለስ መጥፎ ውሳኔ አይደለም። ተሳፋሪ ይዞ ወደ አፋር ለሚወርድ ግን አይሆንም።

ማሸጊያው ከወጣ በኋላ መጀመሪያ ያፈሰሰው ቦታስ?

ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የመጀመሪያው ቀዳዳ ካልተገኘ ኤሲው ተመልሶ ባዶ ይሆናል። በብዛት የሚያፈሱትን እንንገርዎ፦ የጋዝ መሙያው ትንሿ ቫልቭ፤ እሷ ላይ የሚገጠመው ክዳን ተራ መከደኛ መስሎ ይጣላል እንጂ ራሱን የቻለ ማሸጊያ ነው። የቱቦ መገጣጠሚያ ኦሪንጎች። ጠጠር የመታው ኮንደንሰር። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ።

በዘይት የራሰና አቧራ የያዘ ጥግ ካዩ ከዚያ ይጀምሩ፤ ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ነው የሚወጣው።

እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ኤሲ ለምን ያስፈልገኛል?

ለመስታወት። ክረምት ላይ ሐረጎ በጉም ሲሸፈን የፊት መስታወቱ ከውስጥ ያልባል። በሂተሩ ላይ ኤሲውን ቢያበሩት የመኪናውን ውስጥ አየር ስለሚያደርቀው መስታወቱ በአጭር ጊዜ ይጠራል።

ሌላው ምክንያት ራሱ ፍሳሹ ነው። የኮምፕሬሰሩ ዘንግ ማሸጊያ በዘይት ካልራሰ ይደርቃል፤ ዘይቱ የሚዞረው ደግሞ ኤሲው ሲሠራ ነው። ደሴ ላይ ስምንት ወር ሳይነካ የከረመ ኤሲ ጋዙን በዝግታ ያጣል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ወደ ቆላ በሚወርድበት ቀን ነው። በሳምንት አንዴ አሥር ደቂቃ ያህል ያብሩት። የኛን አገር ደገኛ መኪና ከስቶፕ ሊክ የሚያድነው አንድ ነገር ይህ ነው ብንል አልተጋነነም።

ጠዋት ወደ ሚሌ እወጣለሁ፣ ኤሲው ባዶ ነው፤ ለጊዜው ምን ላድርግ?

አብሽር፣ ማሸጊያ የሌለበት ጋዝ ተሞልቶ የሚኬድበት ጊዜ አለ። ፍሳሹ ቀስ የሚል ከሆነ የፍሳሽ መፈለጊያ ቀለም ጨምረን በሚዛን እንሞላለን፤ ሲመለሱ በመብራት እያየን ቦታውን እናገኛለን። በአንድ ሌሊት ባዶ የሚሆን ከሆነ ግን ማሸጊያም አያቆመውም፤ ሙላቱም ብር መጣል ነው። ከቆላው ሙቀት በፊት ጎህ ሳይቀድ መነሳት ይሻላል፤ የጂቡቲ መስመር ሾፌሮች ያውቁበታል።

የማብሰያ ጋዝ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ርካሽ ጋዝ እንሙላልህ የሚል ካጋጠመዎት እምቢ ይበሉ። ተቀጣጣይ ነው፤ ኢቫፖሬተሩ ቢያፈስ የሚሞላው እርስዎ የተቀመጡበትን ክፍል ነው።

መኪናዬ ኤሌክትሪክ ነው። ይኸው ነገር ይሠራል?

ይበልጥ ይጠንቀቁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪኖች በመንገዳችን ላይ እየበዙ ነው፤ የኤሲያቸው ኮምፕሬሰር ደግሞ በቺንጊያ ሳይሆን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚዞር ነው። ዘይቱ በኤሌክትሪክ ጠምዛዛዎቹ ዙሪያ ስለሚያልፍ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆን አለበት፤ ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ፒኦኢ የሚባለውን ነው። ተራ ፓግ ወይም ማሸጊያ ሲቀላቀልበት ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፤ መኪናው የኤሌክትሪክ መፍሰስ አይቶ ጭራሽ አልነሳም ሊል ይችላል። በብዙዎቹ ላይ ባትሪውንም የሚያቀዘቅዘው ይኸው ጋዝ ነው፤ ስለዚህ የኤሲ ብልሽቱ ከምቾት አልፎ ወደ ባትሪው ይሄዳል። ብርቱካናማ ሽቦ ያለበትን ኮምፕሬሰር ሥልጠናው የሌለው ሰው አይንካው። ቀደም ሲል ከሌሎች መኪኖች ጋር ያገለገለ ማኖሜትርና ቱቦም ሳይጸዳ አይገናኝበት።

አንዳንዶቹ አዳዲስ መኪኖች አር-1234ዋይኤፍ የሚባል ሌላ ጋዝ ይጠቀማሉ፤ መሙያ አፉም የተለየ ነው። በአር-134ኤ አይተካ።

ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ኤሲውን እንዴት ልፈትሽ?

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ይድረሱ፤ ሻጩ ቀድሞ ካሞቀው ብዙ ነገር ይደበቃል። የመሙያ ክዳኖቹ መኖራቸውን ይመልከቱ፣ ከፍተውም ይዩ። ኤሲውን ለ20 ደቂቃ ያህል ያሠሩት፤ በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ብቻ አይመኑ። ኮንደንሰሩ ከመኪናው ዕድሜ ጋር የማይሄድ አዲስ ከሆነ ለምን እንደተቀየረ ይጠይቁ። ግጭት ሊሆን ይችላል፣ ማሸጊያም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱንም ማወቅ ለዋጋ ክርክሩ ይጠቅማል።

የገባው ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው ስቶፕ ሊክ ነው። ኤሲዬን ይነካዋል?

አይነካውም። የራዲያተሩ ውሃና የኤሲው ጋዝ አይገናኙም። እሱ የሚያስቸግረው ሂተሩን ነው፤ ከክሩስኮቱ ኋላ ያለችው ትንሿ ራዲያተር ቱቦዎቿ ቀጫጭን ስለሆኑ ቀድማ ትዘጋለች። ሞተሩ ሞቆ ሂተሩ ቀዝቃዛ ከነፋ ወደ ውስጥ የሚገቡትን ሁለቱን የውሃ ቱቦዎች በጥንቃቄ ይንኩ፤ አንዱ ትኩስ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ተዘግታለች።